ልክ በቃሉ ይይዝ የነበረው ወንድሜ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ ገበያው አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። እናታችን ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ያረፈችው ሌሊት ነው፤ አጠገቧ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነበር። አባታችን ዲላ ሌላ ትዳር ይዟል፤ አልፎ አልፎ ይደውላል። ልጁን የማሳድገው እኔ ነኝ። አሁን 17 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገብቷል።

ይህ ልጅ የሱቄ መዝገብ ነበር። እኔ ሜትሩን ይዤ ቁጥር ስጠራ እሱ አይጽፍም፤ በቃሉ ይይዘዋል። ደረት 92፣ ወገብ 78፣ እጅጌ 58። ከሳምንት በኋላ ብጠይቀው እንኳ አይስትም። ደንበኞቼ "ኮምፒውተሩ የት ሄደ?" እያሉ ነበር የሚገቡት። ዘንድሮ ግን የነገርኩት ቁጥር ደብተሩ ጋ እስኪደርስ ይጠፋበታል። "ስንት አልሽኝ?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ዞር ብሎ እንደገና "ስንት አልሽኝ?" ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ግዛ ብዬ ስልከው ዚፕ ብቻ ይዞ ይመጣል። ከክፍሉ 4ኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ባለፈው ሴሚስተር 31ኛ ወጣ።

ከዘጠኝ ቀን በፊት የዩኒፎርም ሱሪው አጥሮበት ጠርዙን ላስረዝምለት ፈታሁት። ኪሱን ስገለብጥ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠልና ስስ መጠቅለያ ወረቀት አገኘሁ። "ይሄማ ጋንጃ ነው" ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። ስጠይቀው አልካደም። የጀመረው 10ኛ ክፍል እያለ ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ያጨሳሉ። አሁን አሁን ማታ ማታ ብቻውንም ያጨሳል። "ተክል እኮ ነው፤ ከሲጋራም ከመጠጥም ይሻላል። ደግሞ ካላጨስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለኝ። ጮህኩበት። በጥፊም መታሁት። ከዚያ በፊት እጄን አንስቼበት አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንነጋገርም። እራቱን አቀርብለትና ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ሱሪውም እንደተፈታ ማሽኑ ላይ አለ።

አጎቴ "ፖሊስ ጋ ወስደሽ አስፈራሪው፤ ካልሆነ ገጠር እኔ ጋ ላኪው" ይላል። ጎረቤቴ ጸበል ትላለች። አባቴ ገና አልሰማም። ኢንተርኔት ላይ ጋንጃ የልጅ አንጎል ይበላል የሚል አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ጭንቅላቱ ተበላሽቶ ቀረ? እኔ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሱቅ ስሠራ እሱ ብቻውን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ምን ላድርግ?

የጨነቃት እህት፣ ከሐዋሳ

የኔ እህት፣

እንቅልፍ ከነሳሽ ጥያቄ ልጀምር። የወንድምሽ ጭንቅላት ተበላሽቶ አልቀረም። ያየሽው መርሳት ግን እውነት ነው፤ አልተሳሳትሽም። እሱም ሰንፎ ወይም ንቆሽ አይደለም።

ነገሩን በሙያሽ ላስረዳሽ። ጨርቅ ላይ ስታሰምሪ ጠመኔው ጨርቁን በደንብ ካልነካ፣ መስመሩ ጠፋ አይባልም። መጀመሪያውኑ አልተሰመረም። ብዙ ሰው ጋንጃ የተያዘን ነገር የሚያጠፋ ይመስለዋል። በትዝታ ላይ የሚያደርሰው ዋናው ጉዳት ግን አዲሱ ነገር እንዳይሰመር ማድረጉ ነው። አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። ዛሬ የሰማነውን ለነገ የሚያስቀምጥልን እሱ ነው። ጋንጃ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ በብዛት ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ክፍል ነው።

እዚያ ማረፉ ያለ ምክንያት አይደለም። አንጎላችን ራሱ ከቲኤችሲ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይሠራል፤ የዚያ መቀበያዎች እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ናቸው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1992 አንጎል ከሚሠራቸው ከእነዚህ ነገሮች አንዱን አግኝተው አናንዳሚድ ብለውታል፤ ስሙ ደስታ ከሚል የሳንስክሪት ቃል የመጣ ነው። አንጎል ይህን የራሱን ነገር የሚለቀው በትንሽ በትንሹ፣ በሚፈልግበት ቦታና ጊዜ ብቻ ነው። ቲኤችሲ ግን በአንዴ ሁሉም ጋ ይገባል፤ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። ስብ ውስጥ ስለሚከማች፣ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ሽንቱ ቢመረመር ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ ማታ ያጨሰ ልጅ ጠዋት ክፍል ሲገባ ጡዘቱ ያለፈለት ይመስለዋል። አስተማሪው የሚናገረው ግን በደንብ አይሰመርለትም። "ደረት 92" ብለሽው ሁለት እርምጃ ሳይራመድ የሚጠፋበትም ለዚህ ነው።

አሁን ተስፋ ወደሚሰጠው ልለፍ። ቦስተን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ቢያንስ በሳምንት አንዴ የሚያጨሱ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆነ 88 ወጣቶችን አጥንተው ነበር። ከመካከላቸው የተወሰኑትን ለአራት ሳምንት እንዲያቆሙ ገንዘብ ከፈሏቸው፤ ማቆማቸውንም በሽንት ምርመራ አረጋገጡ። የቀሩት እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። ያቆሙት አዲስ ቃል የመያዝ ችሎታቸው ተሻሻለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመሻሻሉ አብዛኛው ክፍል የታየው በመጀመሪያው ሳምንት መሆኑ ነው። አንድ ሳምንት! ትኩረታቸው ላይ ግን በአራቱ ሳምንት ውስጥ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው። እሱም በልቡ "አለቀልኝ" ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ይባል የነበረ ልጅ ዚፕ ብቻ ይዞ ሲመለስ የሚሰማውን አስቢው። ካንቺ በፊት ያወቀው እሱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያየሽው ወሬም ከባዶ የተነሳ አይደለም። ኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚከታተል ጥናት አለ። በጉርምስና ጀምረው ለዓመታት አጥብቀው ያጨሱት 38 ዓመት ሲሞላቸው የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤታቸው በአማካይ 8 ነጥብ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ካደጉ በኋላ የጀመሩት ላይ እንዲህ ያለ መውረድ አልታየም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች መንትዮችን አወዳድረው፣ ከሁለቱ የሚያጨሰው ከማያጨሰው ያን ያህል አይለይም አሉ። የቤተሰብና የኑሮ ሁኔታም ድርሻ አለው ማለታቸው ነው። ክርክሩ እስካሁን አለ። ለእናንተ ቤት ግን ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው። የዱኒዲኖቹ ለዓመታት የቀጠሉ ናቸው። ወንድምሽ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ቢያልፈው ነው።

"ተክል ነው" ላለሽ አትከራከሪው። ተክል መሆኑ እውነት ነው። ከመጠጥ ይሻላል አይሻልም ውስጥም አትግቢ፤ ማታውን ሙሉ ይፈጅባችኋል። የሚሻለው ስለ ዕድሜው ማውራት ነው። የፊተኛው የአንጎላችን ክፍል፣ ነገን የምናቅድበትና ራሳችንን የምንገታበት ማለቴ ነው፣ ሙሉ ለሙሉ የሚበስለው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። በ17 ዓመት ገና ሥራ ላይ ነው። የ40 ዓመት ሰው ያጨሰውና እሱ ያጨሰው እኩል አይደለም። ሱስ የመሆን ዕድሉም ይለያል። በጉርምስና ከሚጀምሩት ከስድስቱ አንዱ ገደማ ጥገኛ እንደሚሆን ይገመታል። ከጓደኛ ጋር የነበረው ማጨስ ማታ ብቻውን ወደ ማጨስ መዞሩን ስትጽፊ ልቤን የነካው ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። እናታችሁ ያረፈችው ሌሊት ነው፤ አጠገቧ የነበረው እሱ ነበር። በአንድ መስመር ጽፈሽው አለፍሽ። ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። አሁን ደግሞ ካላጨስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ይልሻል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ስለዚያ ሌሊት አውርታችሁ ታውቃላችሁ? እንቅልፍ እምቢ ማለት የጀመረው መቼ ነው፤ ከጋንጃው በፊት ወይስ በኋላ? ለሊቱ ሲመጣ ምን ይሰማዋል? መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ። እሱን ጠይቂው፤ አንድ ቀን ሲመቸው ይነግርሻል።

እርግጠኛ ሆኜ "ያጨሰው በእናቱ ሐዘን ነው" ማለት አልችልም። ጓደኛ አቅምሶት ጥሞት ሊሆንም ይችላል። ግን ጨለማ የሚፈራ ልጅ እንቅልፍ የሚያመጣለት ነገር ካገኘ አጥብቆ ይይዘዋል። ችግሩ እንቅልፉም እያደር ይከዳዋል። ሰውነት ሲለምደው መጠኑ ይጨምራል፤ ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍልም ይቀንሳል። ትምህርት በአንጎል ውስጥ የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ቀን እንዳይሰመር ያደረገው ነገር ማታ ደግሞ እንዳይረጋ ያደርጋል ማለት ነው።

ስለ ጥፊው። ይቅርታ ጠይቂው። "መታሁህ፤ ልክ አልነበርኩም። ፈርቼ ነው" በይው፤ ይበቃል። "አንተ ግን" የሚል ቃል አታስከትይ። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን ዘጠኝ ቀን ያለ ንግግር ለዚህ ልጅ ረጅም ነው።

አጎትሽ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ነገር ግን ፖሊሱን ተዪው። ካናቢስ፣ ማለትም ጋንጃ፣ መያዝም ማጨስም በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው፤ ወንድምሽም ይህን ማወቅ አለበት። ኪሱ ውስጥ ያገኘሽው ነገር ፍተሻ ላይ ቢገኝበት ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል በእርጋታ ንገሪው። አንቺ በእጅሽ ወስደሽ ማስረከብ ግን ሕክምና አይሆንም፤ ካንቺም ያርቀዋል። ገጠር መላኩም እንደዚያው ነው። ከጓደኞቹ ይርቃል፣ እውነት ነው። ትምህርቱ ግን ይቋረጣል፤ እናቱን ካጣ በኋላ የቀረችውን እህቱንም ያጣል። ክረምት ሲዘጋ እሱ ራሱ ከፈለገ ለሁለት ሳምንት ይሂድ። ጸበሉን አልከለክልም። ልባችሁ ከወደደው አብራችሁ ሂዱ፤ ሐኪም ማየቱን ግን አይተካም። አባታችሁ ማወቁ ተገቢ ነው፤ ሳይነግሩት ለአባቱ መነገሩ ግን ይጎዳዋል። "ለአባባ መናገር አለብን። አንተ ትነግረዋለህ ወይስ አብረን እንደውል?" በይው።

ንግግሩን የት ትጀምሪው? ሳሎን ፊት ለፊት ተፋጥጣችሁ አይሁን። ጦዞ በገባበት ማታም አይሁን። ሱቅሽ ውስጥ እጃችሁ ሥራ ላይ ሆኖ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እሱ ቁልፍ እየለየ፣ አንቺ እየሰፋሽ። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚወራ ነገር ለወንድ ልጅ ይቀላል። ጥያቄሽ አጭር ይሁን። "ስታጨስ ምን ያደርግልሃል?" ብለሽ ጀምሪና ዝም በይ። ዝምታው ይረዝም ይሆናል፤ አታቋርጪው። ቀጥሎ "ምን አሳጣህ?" በይው። ቁጥሩን፣ ደረጃውን አንቺ አታንሺበት። እሱ ያነሳዋል።

ከዚያ የአራት ሳምንት ስምምነት አቅርቢለት። "ለዘላለም አቁም" ካልሽው ይሸሻል። "አራት ሳምንት ሞክረውና ጭንቅላትህ ምን እንደሚሆን አንተው እየው" ካልሽው ግን የራሱ ሙከራ ይሆናል። ከፈለገ ማታ ማታ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ይጻፍ፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ቀን ያነበበው ምን ያህል ቆመለት። በቁጥር አትፈትኚው። ሱቅ ውስጥ ልክ ስትወስጂ እንደ ዱሮው ጥሪለት፤ ደብተሩ ከጎኑ ይሁን። ከረሳ ዝም ብለሽ ድገሚለት።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ አስቀድሜ የምነግርሽ እንዳትደነግጪ ነው። ካቆመ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይነጫነጫል። ምግብ ይዘጋዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሊያልበውም ይችላል። ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ታፍኖ የነበረው ሕልምም በአንዴ ተመልሶ ይመጣል፤ ብርቱና ጥርት ያለ ሕልም። እናቱን በሕልሙ ሊያያት ይችላል። ለሊት ከተነሳ ብቻውን አይሁን። በሩን አንኳኩተሽ ግቢና ሻይ አፍይለት። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ሱቁን በጊዜ መዝጋት ብትችዪ ትልቅ እርዳታ ነው። ልብስ ላዘዙሽ ደንበኞች ሰው ታሞብኝ ነው በያቸው፤ ውሸት አይሆንም።

ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ ሌላው ጭንቅ ነው። ጓደኞቹ ሐይቁ ዳር የሚገናኙበት ሰዓት ነው። ከተማችን ለጥ ያለች፣ ለብስክሌት የተመቸች ናት። ብስክሌት ይወድ ነበር? ኳስስ? ያቆመው ነገር ካለ መልሰሽ አስጀምሪው። ሐይቁንም አትንፈጊው። እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ውሰጂውና ዓሣ ብሉ። ያ ቦታ የማጨሻ ቦታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርበት።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ሰዎች ያሙኛል፣ ይከታተሉኛል ካለ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ብቻውን ካወራ፣ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። ካናቢስ በአንዳንድ ሰው ላይ የአእምሮ ሕመም ይቀሰቅሳል። ስዊድን ውስጥ ከ45 ሺህ በላይ ምልምል ወታደሮችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ስድስት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። አብዛኞቹ አጫሾች አልታመሙም። ከዘመድ ውስጥ እንዲህ የታመመ ሰው ካለ ግን አደጋው ይጨምራል። ከእናትሽም ከአባትሽም ወገን ይኖር እንደሆነ ጠይቂ፤ ለሐኪሙም ያስፈልገዋል።

ይህ ምልክት ባይኖርም ሐኪም ቢያየው እመርጣለሁ። ሪፈራል የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። "እብድ ነህ ልትይኝ ነው?" ይልሽ ይሆናል። "እንቅልፍ ስላጣህ ነው የምንሄደው" በይው። እውነቱም ይኸው ነው። ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ይግባ። አንቺ ውጪ ጠብቂው፤ ምን ተባባላችሁ ብለሽም አትጠይቂው።

ጥፋቱ የእኔ ይሆን ብለሻል። በ25 ዓመትሽ እናትሽን ቀብረሽ ልጅ ተረከብሽ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የሠራሽው እሱን ለማስተማር ነው። በእነዚያ ሰዓታት ብቻውን መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱም አሉ፤ አንዱ አንዱን አይሰርዘውም። አንቺስ ለእናትሽ አልቅሰሻል? ከማን ጋር ታወሪያለሽ? ጎረቤትሽ ቅጠሉን ስታሳዪያት አልጮኸችም፣ ለሰፈርም አላወራችም። እሷን አንድ ቀን ቡና ጠርተሽ ስለ ራስሽ ብታወሪያት ጥሩ ይመስለኛል።

አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ጻፊልኝ። መሃል ላይ አንድ ቀን ቢያጨስም ጻፊልኝ፤ ያ ቀን ሁሉን ነገር አያፈርሰውም። በሚቀጥለው ቀን መቁጠር ይጀምራል።

ሱሪውን ግን ዛሬ ማታ ጨርሺለት። ጠርዙን ሰፍተሽ፣ ተኩሰሽ አልጋው ላይ አስቀምጪለት። ሰኞ ትምህርት አለው።